ሳይክሎን አቧራ ሰብሳቢ ለአናጢ ቤት፦ ከላሜራው ቅድ እስከ ሚዛኑ

ኅዳር 2፦ ልኬት

የሚሠራው አዲስ አበባ ላለ ትንሽ አናጢ ቤት ነው። ማሽኖቹ አንድ ፒያላ (የጣውላ ፊት መላጊያ)፣ አንድ ስፔሶሬ (ውፍረት ማስተካከያ)፣ አንድ የጠረጴዛ ሴጋ (መጋዝ) እና አንድ ሳንደር (በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሻ) ናቸው። በአንድ ጊዜ የሚነሳው አንድ ማሽን ስለሆነ ሳይክሎኑም የሚለካው በአንድ ማሽን አየር ነው። እስካሁን የነበረው የጨርቅ ከረጢት ብቻ ያለው መምጠጫ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጥሩ ይስባል፤ በሳምንቱ ደቃቁ ብናኝ ጨርቁን ይደፍነውና ሰጋቱራው ከማሽኑ ሥር መከመር ይጀምራል። ሳይክሎኑ የሚገባው ከዚህ ከረጢት በፊት ነው፤ አቧራው ጨርቁ ጋ ሳይደርስ ከአየሩ እንዲለይ።

አውድማ ላይ ምርት ሲዘራ ያየ ሰው መሠረቱን ያውቀዋል። በመንሽ ወደ ላይ የተወረወረውን ገለባ ነፋሱ ይዞት ይሄዳል፣ ፍሬው ክብደቱ አሸንፎ ይወድቃል። የእንጨት ብናኝ ግን እንደ ገለባም አይደለም፤ በራሱ ክብደት እስኪወርድ ቢጠበቅ ደቃቁ ሰዓታት ይፈጅበታል። ስለዚህ አየሩን በክብ ዕቃ ውስጥ በፍጥነት እናሽከረክረውና ክብደቱን እናበዛለታለን። 45 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ሲሊንደር ውስጥ አየር በሰከንድ 16 ሜትር ሲዞር፣ ግድግዳው አጠገብ ያለችው ቅንጣት ወደ ውጭ የምትገፋበት ኃይል ከራሷ ክብደት 116 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 16 በ16 ተባዝቶ ለ0.225 ሲካፈል 1138 ይመጣል፣ እሱም ለ9.8 ይካፈላል። ግድግዳውን የነካው ብናኝ እየተንሸራተተ ወደ በርሜሉ ይወርዳል። የተጣራው አየር ታች ደርሶ ይመለስና በመሃል፣ በጠባብ አዙሪት፣ ወደ ላይ ይወጣል።

የተጠቀምነው የሳይክሎን ተመራማሪው ስቴርማንድ እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣውን ምጣኔ ነው። ሁሉም ልክ የሚነሳው ከሲሊንደሩ ስፋት ነው። ስፋቱ 450 ሚሊሜትር ከሆነ የመግቢያው ቁመት ግማሹ፣ 225፤ የመግቢያው ወርድ አምስተኛው፣ 90፤ የላይኛው መውጫ ቱቦ ግማሹ፣ 225፤ የሲሊንደሩ ቁመት አንድ ተኩሉ፣ 675፤ የሾጣጣው ቁመት ሁለት ተኩሉ፣ 1125፤ የታችኛው የአቧራ መውጫ 0.375ቱ፣ 170 ይሆናል። መግቢያው 90 ሲሆን በሲሊንደሩ ግድግዳና በመውጫ ቱቦው መካከል ያለው ክፍተት 112 ነው። አየሩ ሲገባ ቱቦውን በግንባሩ አይመታውም ማለት ነው፤ ይህን ክፍተት ሳያሰላ መግቢያውን የሚያሰፋ ሰው አዙሪቱን በር ላይ ይሰብረዋል።

በዚህ ልክ፣ በሰከንድ 16 ሜትር፣ የእንጨት ብናኝ ግማሽ በግማሽ የሚያዝበት መጠን ወደ 6 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ይመጣል። ከዚያ የሚተልቀው አብዛኛው ይያዛል፣ ከዚያ የሚያንሰው አብዛኛው ያመልጣል። ለሳንባ የሚያሰጋው ደግሞ በተለይ ከ5 ማይክሮን በታች ያለው ነው። ሳይክሎን ብቻውን ጤና አይጠብቅም የምንለው ለዚህ ነው። ከኋላው ከረጢቱ ይቀራል፣ አፍና አፍንጫ ላይም ጭንብሉ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች መድቦታል፤ የሚያጠቃውም በተለይ አፍንጫንና በዙሪያው ያሉ ክፍተቶችን ነው።

ላሜራ ከመግዛት በፊት ቁመት ይለካ። ሲሊንደር 675፣ ሾጣጣ 1125፣ ማገናኛ 150፣ ባለ 200 ሊትር በርሜል 880፤ ድምሩ 2 ሜትር ከ83 ነው። የመውጫው ጎሚቶ (የቱቦ መታጠፊያ) ሲጨመር ከ3 ሜትር ከ20 በታች የሆነ ጣሪያ አይበቃም። እዚህ ከፍ ባለው የጣሪያ ጎን 3 ሜትር ከ50 ስላለ ገባ።

ኅዳር 3፦ የሾጣጣው ቅድ

ብዙ ላሜራ የሚባክነው እዚህ ነው። ሾጣጣው ላይ 450፣ ታች 170፣ ቁመቱ 1125 ነው። የጎኑ ርዝመት በስሌት 1134 ይመጣል። ተዘርግቶ ሲታይ የክብ ቁራሽ ነው፤ የውጭ ሬዲየሱ 1822፣ የውስጡ 688፣ ማዕዘኑ 44.5 ዲግሪ። በአንድ ወጥ ላሜራ ለማውጣት 1379 በ1185 ሚሊሜትር ያስፈልጋል፤ ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ግን 1 በ2 ሜትር ነው፤ አይበቃም። ስለዚህ እያንዳንዳቸው 22.2 ዲግሪ በሆኑ ሁለት ግማሾች ከፈልነው።

ሁለቱ ግማሾች ከአንድ ላሜራ ይወጣሉ፤ ነገር ግን በአቀማመጥ ነው። አንዱን ግማሽ ቀጥ አድርጎ፣ ሌላውን ገልብጦ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ሁሉም ያስበዋል። እንዲያ ሲሆን ከወርዱ 18 ሳንቲሜትር ይጎድላል። ሁለቱን አንድ ላይ ዞር አድርጎ የአንዱን ረጅም ጎን ከላሜራው ረጅም ጠርዝ ጋር ማስተካከል ነው መፍትሔው። ያኔ ወርዱ 950 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ግማሽ 15 ሚሊሜትር መደራረቢያ ሲጨመር 980፤ ሁለት ሳንቲሜትር ተርፎ ይገባል።

1822 ሚሊሜትር የሚከፈት ኮምፓስ የለም። ሁለት ሜትር ቀጥ ያለ የጽድ ሞራሌ ተወሰደ፣ ጫፉ ላይ ሚስማር ተመታ፣ ከሚስማሩ 688 እና 1822 ላይ ለመስመሪያ ብረት የሚሆኑ ቀዳዳዎች ተበሱ። ላሜራው መሬት ላይ ተዘርግቶ አራት ማዕዘኑ በክብደት ተያዘ፤ የክቡ ማዕከል ከላሜራው ውጭ ስለሚውል ሚስማሩ ያረፈው መሬት ላይ በተቸነከረ ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ላይ ነው። ላሜራው በመሃል ሁለት ሚሊሜትር እንኳ ከተንሸራተተ ሁለቱ ግማሾች ሲገናኙ አፉ ክብ መሆኑ ይቀርና እንደ እንቁላል ይሆናል።

ላሜራው ጥቁር፣ 1 ሚሊሜትር ነው። ጋልቫናይዝዱን የተውነው ሲበየድ ዚንኩ የሚያወጣው ነጭ ጭስ ስለሚጎዳ ነው። በሪቬት ለሚያያይዝ ሰው ጋልቫናይዝድ 0.8 ይሻለዋል፤ ቀለምም አያስፈልገውም።

ሲሊንደሩ ከሁለተኛው ላሜራ ወጣ፤ 1414 ዙሪያው፣ 20 መደራረቢያው፣ ቁመቱ 675። ከቀረው 566 በ1000 ቁራጭ የመውጫ ቱቦው ይወጣል።

ኅዳር 5፦ ጥቅለላና ብየዳ

ሲሊንደሩ በሮለር በሦስት ዙር ተጠቀለለ። ሾጣጣው በተራ ሮለር አይሆንም፤ ላይና ታች የሚታጠፍበት መጠን ስለሚለያይ። በእያንዳንዱ ግማሽ ላይ ከማዕከሉ የሚነሱ ስምንት መስመሮች በእኩል ርቀት ተሰመሩ፤ ከዚያ በ4 ኢንች የብረት ቱቦ ላይ፣ መስመር በመስመር፣ በእጅ ጫና እየታጠፈ መጣ። በአንድ ጊዜ ብዙ ያጠፈ ሰው ላሜራውን ይሰብረዋል፤ ስብራቱም ከውስጥ ጫፍ ሆኖ ይቀራል። ሦስት ጊዜ መመላለስ ይሻላል።

መደራረቢያው በየት በኩል ይሁን የሚለው ብዙዎች የሚዘልሉት ነገር ነው። የጣሪያ ቆርቆሮ ሲደራረብ ውሃው ከላይኛው ወደ ታችኛው እንዲያልፍ ነው፤ የሳይክሎን ግድግዳም እንዲሁ ነው። በአዙሪቱ አቅጣጫ ሲሄዱ ከውስጥ ያለው ጠርዝ ፊቱን ወደሚመጣው አየር ማዞር የለበትም። ፊቱን ካዞረ ግድግዳውን ይዞ የሚንሸራተተው ብናኝ እዚያ ይመታና ወደ መሃል ይዘላል፤ መሃል የገባ ደግሞ ወደ ላይ ይወሰዳል። ለቁመቱም ሕጉ አንድ ነው፤ የሲሊንደሩ ታችኛ ጠርዝ በሾጣጣው አፍ ውስጥ ይገባል፣ የሾጣጣው ጫፍ ደግሞ በማገናኛው ቱቦ ውስጥ። ለዚህ ሲባል የሾጣጣው አፍ 452 ሆኖ ተከፈተ።

1 ሚሊሜትር ላሜራ በኤሌክትሮድ ሲበየድ ቶሎ ይበሳል። 2 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ፣ ከ35 እስከ 45 አምፔር። መጀመሪያ በየ10 ሳንቲሜትሩ ነጥብ፣ ከዚያ በየመሃሉ ነጥብ፣ በመጨረሻ በየ3 ሳንቲሜትሩ። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ላሜራውን ያጣምመዋል፤ ተቃራኒ ተቃራኒውን እየነኩ መሄድ ነው። ብየዳው ሁሉ ከውጭ ነው። ወደ ውስጥ የወጣው እብጠት በግራይንደር ተላገ፤ መዳፍ ሲያልፍበት ምንም እስከማይታወቅ ድረስ።

አቅጣጫውን በተመለከተ፣ ከላይ ሲታይ በሰዓት ቆጣሪ አዟዟር ይሁን ወይስ በተቃራኒው የሚለው ለአቧራው ለውጥ የለውም። መግቢያው ለቱቦ መስመሩ በሚመች በኩል ይደረጋል።

ኅዳር 8፦ መግቢያና የመውጫ ቱቦ

ከክብ 150 ወደ 225 በ90 አራት ማዕዘን የሚቀይረው መሸጋገሪያ 300 ሚሊሜትር ረዝሞ ተሠራ። የመግቢያው የውጭ ግድግዳ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በአንድ መስመር መቀጠል አለበት፣ ጣሪያውም ከሳይክሎኑ ክዳን ጋር መስተካከል አለበት። ከመግቢያው በላይ ክፍተት ከቀረ ብናኝ ከክዳኑ ሥር ቀለበት ሠርቶ ይዞራል፤ ቀስ እያለም በመውጫ ቱቦው ውጫዊ ግድግዳ ወርዶ ከሚወጣው አየር ጋር ያመልጣል።

የመውጫ ቱቦው በስቴርማንድ ልክ ከክዳኑ ወደ ውስጥ 225 ይወርዳል፤ ይህ ልክ ከመግቢያው ወለል ጋር እኩል ነው። 25 ጨምረን 250 አደረግነው። ሲሠራ ጥቂት ሚሊሜትር ስሕተት አይቀርም፤ ቱቦው ከመግቢያው ወለል ከፍ ብሎ ከቀረ ግን የሚገባው አየር ሳይዞር በአቋራጭ ይወጣል። በጣም ማስረዘምም ጥሩ አይደለም፤ የአዙሪቱን ርዝመት ይቀንሳል። ከላይ የቀረው 100 ለጎሚቶው ነው።

ኅዳር 9፦ ቀለምና ሲሊኮን

አንቲረስት አንድ እጅ፣ ቀለም አንድ እጅ። ሲሊኮን የሚቀባው ከቀለም በኋላ ነው፤ ሲሊኮን ላይ ቀለም አይይዝም። ስፌቱ ሁሉ ከውጭ ተሞላ።

ኅዳር 11፦ ብሎወር

ብሎወሩ፣ ማለትም አየሩን የሚስበው ማራገቢያ፣ ከሳይክሎኑ በኋላ፣ በንጹሕ አየር በኩል ነው የተሰቀለው። ፍቅፋቂና ቁራጭ እንጨት ክንፉን አይመታም፤ ከብሎወሩ በፊት ያለው መስመር ሁሉ ወደ ውስጥ ስለሚስብም ሽንቁር ቢኖር አቧራው ወደ ክፍሉ አይተፋም። ሞተሩ 2.2 ኪሎዋት፣ ባለ ሦስት ፌዝ፣ በደቂቃ 2850 ዙር፤ ክንፉ 400 ሚሊሜትር።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ በሜትር ኩብ 1.2 ኪሎ መሆኑ ቀርቶ 0.91 ኪሎ ያህል ነው፣ ሩብ ቀለለ ማለት ነው። ብሎወር የሚያዞረው የአየር መጠን አይቀንስም፤ የሚፈጥረው ግፊት ግን በሩብ ይወርዳል። ግፊቱ የሚለካው ውሃን በሚያነሳበት ከፍታ ነው፤ ካታሎግ ላይ 240 ሚሊሜትር ውሃ የሚል ብሎወር እዚህ 180 ይሰጣል። ደግነቱ የሳይክሎኑ መቋቋምም በዚያው ልክ ይወርዳል። በባሕር ወለል 100 ሚሊሜትር ውሃ የሚያስከፍለው ይህ ሳይክሎን እዚህ 76 ነው የሚያስከፍለው። ጉዳቱ የሚመጣው በመለካት ጊዜ ነው፤ የአየር ፍጥነትን በ1.2 ያሰላ ሰው እውነተኛውን በ13 ከመቶ አሳንሶ ያገኘዋል፣ የሌለ ጥፋትም ሲፈልግ ይውላል።

ሦስት ፌዝ ሲገናኝ የክንፉ አዟዟር በዓይን ይታይ። ተገልብጦ የሚዞር ብሎወርም ይስባል፤ ደካማ ነው እንጂ አይቆምም፣ ብዙዎችም ሳያውቁት እንዲሁ ይሠሩበታል። ከተገለበጠ ሁለት ሽቦ ማቀያየር ይበቃል።

ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው መነገር ያለበት ሌላው ነገር፣ ብሎወር ብዙ አምፔር የሚስበው ክፍት ሆኖ ሲዞር እንጂ ሲዘጋ አይደለም። ያለ ቱቦ ሲሞከር 5.2 አምፔር ሳበ፣ ከሞተሩ ታርጋ በላይ ነው፤ ከመስመሩ ጋር ሲገናኝ 3.7 ላይ ተረጋጋ። ኦቨርሎዱ (አምፔር ሲበዛ ሞተሩን የሚያጠፋው) በ5 ተስተካከለ። ስለዚህ ብሎወር ብቻውን ክፍት ተደርጎ ለረጅም ጊዜ አይሞከርም።

ከረጢቶቹ ሁለት ናቸው፤ ወፍራም ፖሊስተር፣ 50 ሳንቲሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመት፤ በድምሩ 6.3 ካሬ ሜትር።

ኅዳር 14፦ የቱቦ መስመር

ዋናው መስመር 160 ፒቪሲ፣ ውስጡ 152 ሚሊሜትር። ወደ ሳይክሎኑ ከመግባቱ በፊት 80 ሳንቲሜትር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ጎሚቶ መግቢያው ላይ ከተለጠፈ አየሩ ተጣምሞ ይገባል። ቅርንጫፉ ሁሉ በ45 ዲግሪ ዋይ ነው፤ ቲ የለም። ቁመቱን የሚወርደው ጎሚቶ በሁለት 45 ተተካ።

በመጀመሪያ ወደ ሴጋው የወረደው 110 ቱቦ ነበር። ሴጋው ብቻ ተከፍቶ ግማሽ ቀን ከሠራ በኋላ ዋናው ቱቦ በመዳፍ ሲመታ ድምፁ የታመቀ ሆነ። ሲከፈት ከግርጌው ሁለት ጣት ያህል ሰጋቱራ ተኝቶበታል። ምክንያቱ ይኸው ነው፦ 110 ቱቦ በዚህ ብሎወር የሚያሳልፈው በሰከንድ 0.2 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ይህ አየር በ110ሩ ውስጥ በሰከንድ 23 ሜትር ይበራል፤ 160ው ውስጥ ሲገባ ግን 11 ሜትር ይሆናል። ሰጋቱራ ሳይተኛ እንዲጓዝ ወደ 18 ሜትር ይፈልጋል። ሳይክሎኑም ይጎዳል፤ መግቢያው ላይ ፍጥነቱ ከ16 ወደ 10 ሲወርድ ግማሽ በግማሽ የሚያዘው ብናኝ ከ6 ወደ 8 ማይክሮን ያድጋል። የሴጋው ቱቦ ተነቅሎ 160ው እስከ ማሽኑ ድረስ ወረደ፤ እዚያም ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ከጠረጴዛው ሥር፣ ሌላው ከምላጩ በላይ ሆነ።

የእያንዳንዱ ማሽን ቱቦ መዝጊያ ከ6 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ተሠራ። ሐዲዱ ጥግ ላይ ሰጋቱራ እየታጨቀ እንዳይዘጋ ስለሚያደርገው ጥጉ ክፍት ተተወ፤ ሲገፋ ራሱን ይጠርጋል።

ፒቪሲ ቱቦ ሰጋቱራ ሲያልፍበት በሰበቃ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፣ የነካውንም ሰው ይነዝራል። እርቃኑን የሆነ የመዳብ ሽቦ በቱቦው ላይ ተጠምጥሞ ከማሽኖቹ፣ ከሳይክሎኑና ከመሬት ሽቦው ጋር ታሰረ። ግራይንደር ከዚህ መስመር ጋር በምንም ምክንያት አይገናኝም፤ አንድ የብረት ፍንጣሪ በርሜሉ ውስጥ ባለው ሰጋቱራ ውስጥ ለሰዓታት ተዳፍኖ ቆይቶ ሌሊት ሊነሳ ይችላል።

ኅዳር 15፦ የመጀመሪያ ሙከራ

መለኪያው ሁለት ነው። አንዱ በዩ ቅርጽ የታጠፈ ቀጭን ግልጽ ጎማ፣ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ ያለው፤ አንዱ ጫፍ ከሳይክሎኑ በፊት፣ ሌላው ከኋላው። የውሃው ከፍታ ልዩነት በሚሊሜትር ይነበባል፤ አንድ ሚሊሜትር 9.8 ፓስካል ነው። ሁለተኛው ለፍጥነት ነው፤ ዋናው ቱቦ መሃል ላይ አፉን ወደ አየሩ ያዞረ ቀጭን የመዳብ ቱቦና እዚያው ግድግዳው ላይ ያለ ትንሽ ቀዳዳ። የዚህ ልዩነት 15 ሚሊሜትር አካባቢ ብቻ ስለሆነ ጎማው ቀጥ ብሎ ቢቆም ማንበብ አይቻልም። አንድ እጅ ሲወጣ አምስት እጅ እንዲረዝም ተጋድሞ ተሰቀለ፤ ያኔ 15 ሚሊሜትሩ 75 ሆኖ ይታያል።

መሃል ላይ 14 ሚሊሜትር ተነበበ። ፍጥነቱ 17.4 ሜትር፤ የቱቦው አማካይ ከመሃሉ 0.9 ያህል ስለሆነ 15.6። በሳይክሎኑ ላይ 55 ሚሊሜትር። ከታሰበው 76 በጣም ያንሳል። ዝቅ ያለ ንባብ ሲታይ ሳይክሎኑ ቀለል ብሎ ሠራ ብሎ መደሰት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ያ ግፊት የአዙሪቱ ዋጋ ነው። ዋጋው ካልተከፈለ አዙሪቱ የለም።

ሚዛኑም ይህንኑ አለ። ከአሮጌው ከረጢት የተወሰደ 2 ኪሎ ደቃቅ የሳንደር ብናኝ በ10 ደቂቃ ቀስ እየተደረገ ገባ። በርሜሉ ውስጥ 1785 ግራም፣ ከረጢቶቹ ውስጥ 190 ግራም። የቀረው ግድግዳ ላይ ነው። ከ100 ግራም ወደ 10 የሚጠጋው አመለጠ ማለት ነው፤ በዚህ ልክ ከረጢቱ እንደ ድሮው በየሳምንቱ ይደፈናል።

ኅዳር 16፦ ሽንቁር ፍለጋ

ሳይክሎን ሲደክም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሞተር ማሳደግ ነው። እኛ መጀመሪያ የምናየው በርሜሉን ነው። ግፊቱ ከሁሉም በላይ ዝቅ የሚለው አዙሪቱ መሃል ላይ ነው፤ ይህ መሃል እስከ ሾጣጣው ጫፍ፣ አንዳንዴም በርሜሉ ውስጥ ይደርሳል። በርሜሉ ላይ ያለ ሽንቁር የሚያስገባው አየር በቀጥታ ወደዚያ መሃል ይነሳል፤ የወደቀውን ብናኝም አንስቶ በመውጫው ይዞት ይሄዳል። መስመሩ ላይ ያለ ሽንቁር ስበት ብቻ ይቀንሳል፤ በርሜሉ ላይ ያለው ግን የተያዘውን ይለቃል።

በርሜሉና ሳይክሎኑ ተጠረጉ፣ ክፍሉም ተጠረገ፣ ከዚያ ዕጣን ተጫረ። ብናኝ ባለበት እሳት አይቀርብም፤ መጥረጉ የማይቻል ከሆነ ቀጭን የፌስታል ቁራጭ በክር ጫፍ ማሰር ያው ሥራ ይሠራል። የዕጣኑ ጭስ በበርሜሉ ዙሪያ ሲዞር በሁለት ቦታ ታጥፎ ገባ።

የመጀመሪያው የበርሜሉ ክዳን ነው። 12 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ነበር። መዝጊያዎቹ ሁሉ ሲዘጉ ብሎወሩ 180 ሚሊሜትር ውሃ ይስባል፤ ያ በ57 ሳንቲሜትር ክዳን ላይ 46 ኪሎ ይጭናል። ክዳኑ መሃሉ እየሰመጠ ጠርዙ ተነሣ፤ ብሎወሩ ሲቆም ተመልሶ ስለሚገጥም በዓይን አይታይም ነበር። ሁለተኛው ከሾጣጣው ወደ በርሜሉ የሚወርደው ጠመዝማዛ ጎማ ነው። በክላምፕ ቢጠብቅም ጠመዝማዛው ጉብታ ከቱቦው ላይ ሲያርፍ በጎኑ እንደ ብሎን ጥርስ የሚዞር ክፍተት ይተዋል፤ አየሩ በዚያ እየተሽከረከረ ይገባል። ይህ የክላምፑ መላላት ስለሚመስል ብዙ ሰው ክላምፕ ሲያጠብቅ ይኖራል።

ክዳኑ በሁለት ተጣብቆ በተደረበ 18 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ተተካ። ለጉሚኒው (ለክዳኑ ማሸጊያ) ስፖንጅ ይሸጣል፣ ግን አቧራ ይጠጣና ይደርቃል። የመኪና ካላማዳሪያ በ3 ሳንቲሜትር ወርድ ተቆርጦ፣ በጎማ ማጣበቂያ ተለጥፎ፣ ጫፉ በሰያፍ ተገጠመ። አራት ቡሎን በእጅ በሚጠብቅ ዳዶ ክዳኑን ይይዛሉ። ጠመዝማዛው ጎማ ወጥቶ ውስጠኛውም ውጫዊውም ለስላሳ በሆነ ካላማዳሪያ እጅጌ ተተካ፤ 15 ሳንቲሜትር፣ ከላይና ከታች በክላምፕ።

ኅዳር 17፦ እንደገና

መሃል ላይ 17 ሚሊሜትር። ፍጥነት 19.1፣ አማካይ 17.2፤ በሰዓት 1120 ሜትር ኩብ አካባቢ። መግቢያው ላይ 15.4 ሜትር በሰከንድ። በሳይክሎኑ ላይ 68 ሚሊሜትር፤ ለዚህ ፍጥነት ስሌቱ 70 ነበር የሚለው። ያው 2 ኪሎ ብናኝ፣ ያው 10 ደቂቃ፤ በርሜሉ ውስጥ 1960 ግራም፣ ከረጢቶቹ ውስጥ 30። ሞተሩ ያው ነው፣ ላሜራው ያው ነው፤ ከረጢቱ ጋ የሚደርሰው ወደ ስድስተኛው ወረደ።

በመለኪያው ሰሌዳ ላይ 68 ላይ ቀይ መስመር ተሰመረ። ከዚያ ሲወርድ በብሎወሩና በከረጢቶቹ መካከል ያለው የግፊት ንባብ ይታያል። ያ ከፍ ካለ ከረጢቱ ተደፍኗል፤ ያም ከወረደ መስመሩ ውስጥ የታጨቀ ነገር አለ፤ ያ እንደነበረ ሆኖ የሳይክሎኑ ብቻ ከወረደ በርሜሉ ነው።

ኅዳር 30፦ ከሁለት ሳምንት በኋላ

አንድ ጊዜ ብቻ ከረጢቶቹ ባንድ ሰዓት ተሞልተው ተገኙ። ስፔሶሬው የግራቪሊያ ጣውላ ሲልግ በርሜሉ ሞልቶ ሾጣጣው ውስጥ ገብቶ ነበር። የስፔሶሬ ፍቅፋቂ ክብደቱ ትንሽ፣ ቦታው ብዙ ነው፤ የሰጋቱራ ልማድ ይዞ በርሜሉን በቀን አንዴ የሚያይ ሰው ይቀደማል። በርሜሉ ሁለት ሦስተኛው ላይ ሲደርስ መገልበጥ አለበት፤ ከዚያ በላይ የአዙሪቱ ጭራ ሰጋቱራውን ነክቶ ያነሳዋል። በርሜሉ ጎን ላይ፣ ከመሬት በ59 ሳንቲሜትር፣ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ተከፍታ 4 ሚሊሜትር ግልጽ ፕላስቲክ በሲሊኮንና በስምንት ቡሎን ተገጠመባት፤ ከኋላዋ የእጅ ባትሪ ሲበራ ሰጋቱራው የት እንደደረሰ ይታያል።

ከጽድና ከግራቪሊያ የወጣው ንጹሕ ሰጋቱራ ለዶሮ ቤት ጉዝጓዝ ይሄዳል። የኤምዲኤፍና የቺፑድ ብናኝ ሙጫ ስላለበት ለብቻው በጆንያ ይታሰራል፤ ለዶሮም ለምድጃም አይሰጥም። በርሜል ሲገለበጥ ጭንብል አይወልቅም፤ በቀን ውስጥ ብዙ ብናኝ የሚነሣው ያኔ ነው።

ዛሬ ጠዋት ንባቡ 67 ነው።